ለቀጠሮ ቀን ብቻ

ማክሰኞ፣ ጥር 18፣ ወገዳ

ዛሬ አያ ታከለን ወደ ጤና ጣቢያችን በቃሬዛ አመጧቸው። እግራቸው አብጧል፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የደም ግፊቱ ሳያማቸው ልባቸውን ሲያደክም ኖሯል። እኔ በየወሩ ስለካቸው ግን ደህና ነበር። "ጎበዝ!" እያልኩ ነበር የምሸኛቸው።

ባለቤታቸው ፌስታል ሰጡኝ። በየቀኑ እንዲውጡ የሰጠኋቸው የግፊት ኪኒን ነው፤ አብዛኛው አልተነካም።

"ካላመመኝ ምን ብዬ ልዋጥ?" አሉ አያ ታከለ። "አንቺ ዘንድ ስመጣ ግን ጠዋት አንዲት እውጥ ነበር። መጀመሪያ ጊዜ ከፍ ቢል ተቆጣሽኝ፤ ደግሞ እንዳላስቀይምሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

መቆጣቴን እኔም አልረሳሁትም።

ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሊወስዷቸው መኪና ላይ ሲያወጧቸው እጄን ያዙኝ።

"የሚመጣው ወር ቀጠሮዬ መቼ ነው?"

ቀን ቆርጬ ነገርኳቸው።