አያን ያስጠነቀቀችበት ብሬከር

ልጄ አያን፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይሸፍንሽ። ሰፈራችን ሳቢያን ሰላም ነው፤ ዘንድሮ የደቻቱ ወንዝ ቢሞላም እኛ ጋ አልደረሰም። ወንድምሽ ኸባብ ግን በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ተቃጠለ።

የፋብሪካውን የኤሌክትሪክ መስመር በኮምፒውተር አስመስለሽ ሠርተሽ፣ «ዋናው ብሬከር ጭነቱን አይችልም» ብለሽ የላክሽለትን ወረቀት ለአለቃው ሰጥቶት ነበር። አለቃው «እህትህ ከባሕር ማዶ ሆና ነው የምታየው?» ብሎ ሳቀበት። በሳምንቱ ኸባብ ሊያበራው ሲል ብሬከሩ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ሐኪሙ ዓይኑ አይመለስም አለኝ።

«እማዬ፣ ለአያን እንዳትነግሪያት፤ ትምህርቷን ትታ ትመጣለች» ብሎ አስምሎኛል። ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ መሐላዬን አፈረስኩ። አንቺማ ቀድመሽ ተናግረሻል፤ ራስሽን አትውቀሺ።

አደራ፣ ደውይለት። እንዳልሰማሽ ሆነሽ ስለ ትምህርትሽ አጫውቺው፤ ድምፅሽ እንዳይሰበር ብቻ። አላህ ልብሽን ያጽናልኝ፤ የኔስ አልጸና አለ።

እናትሽ በድሪያ