መሊካ ያሻገረቻቸው ብርቱካኖች

ዓልዩ አምባ፤ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአብዱልሀሚድ ፈረጅ፤ ጅቡቲ።

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ እንዴት ሰንብተሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የሚነገር በሽታ የለብኝም። አረፋንም በሰላም ዋልን። ይህን ቃሌን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን መሪጌታ ወልደተንሣኤ ነው። ፊደል ያስቆጠረህ እሱ ነውና የእጁን ጽሕፈት አትስተውም። እሱም ሰላም ይልሃል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሰው የታመነ ስለሆነ ፈራ ተባ ሳልል እናገራለሁ።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ስለ ወደቡ ሥራ፣ ስለ ሙቀቱ፣ አብረሃቸው ስለምትውል ነጋዴዎች ጽፈሃል። የኔንም ጤና ጠይቀሃል፤ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ የምነግርህ ስለ ሚስትህ ስለ መሊካ ነው።

ልትሄድ ስትል ከድሬዳዋ ያመጣኸውን ብርቱካን በደጃፉ ተቀምጠን መብላታችን ትዝ ይልሃል? እኛ እየተፋን የጣልነውን ዘር እሷ ለቅማ አጠበችው። ሳይደርቅ በማግሥቱ ከጓሮ መደብ አበጅታ ዘራችው። ከእናትህ ሎሚ ሥር የወደቀውን ፍሬም ጨምራበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ታዲያ፣ “ብርቱካን ከዘር ተነሥቶ እስኪያፈራ ማን አለ ማን ሞተ በዚህ ዘመን? ጎመን ብትተክይ ይሻልሽ ነበር” ይላት ጀመር። መሊካ ክርክር አትወድም። በመደቡ ዳር ዳር ጎመን ተከለችና ለሚመክሯት ሰዎች ጎመን ጎመኑን እየቀነጠሰች ትሰጣቸው ነበር። ጎመኑን ይዘው ይሄዳሉ፤ ምክሩም ያልቃል።

አንተ ከሄድክ በኋላ ጣልያን በቅሎዎቻችንን ለራሱ ጭነት ወሰዳቸው። ንግዱ ቆመ። ዕድሜዬን በመንገድ የጨረስኩ ሰው ቤት ስውል ምን እንደምሆን ታውቀዋለህ፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። እሷ ግን የተቀመጠችበትን ቀን አላየሁም። ከምንጩ በተራ የሚለቀቀው ውሃ የኛ ተራ ሲደርስ ከጎህ በፊት ቦዩ አፍ ላይ ትገኛለች። ፍጉን ከግንዱ አርቃ ታደርጋለች፤ ከተጠጋው ያቃጥለዋል ትላለች። የወፍ ኩስ የሚመስል ትል አለ፣ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ሲታይ ሕይወት ያለው አይመስልም። እሱን በየጠዋቱ ቅጠል እያገላበጠች በእጇ ትለቅማለች። የበቀሉት ችግኞች እንዲህ ሆነው ሦስት ክረምት ጠጡ። ባለፈው መስከረም አብዛኞቹ ደረቴ ደርሰው ነበር።

በጥቅምት ክፉ ቀን መጣ። አርበኞቹ ከአንኮበር በሚወርደው መንገድ ላይ የጣልያንን ስንቅ ጠብቀው መቱት። የምሽጉ ካፒቴን ተቆጥቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ ዛፍና ቁጥቋጦ ሁሉ ይመንጠር ብሎ አዋጅ አስነገረ። “ተኳሽ ይደበቅበታል” ነው ምክንያቱ። ጓሮአችን ከመንገዱ ጋር ተያይዞ የለ? ለመመንጠሪያው የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

አዋጁን ሰምቼ ስገባ ችግኞቹ መካከል ቆማ አገኘኋት። ምን እንደምላት ጨነቀኝና፣ “ልጄ፣ ከጉልበተኛ ጋር ምን ይደረጋል? አላህ ይተካልሽ” አልኳት።

“አሚን” አለች። ችግኞቹን አንድ በአንድ አይታ፣ “አባ፣ ያ ጨው ይታሰርበት የነበረው ሰሌንና ገመድ የት ነው ያለው?” አለችኝ።

“ምን ሊሆንሽ?”

“ላሻግራቸው ነው። የመንገዱን ዳር መንጥሩ አሉ እንጂ የሰው ጓሮ ሁሉ ይመንጠር አላሉም።”

ከዚያ በየቤቱ እየዞረች፣ “አንድ እንግዳ አሳድሩልኝ” ማለት ጀመረች። ሰው ፈራ። ካፒቴኑ ያልወደደውን ነገር በጓሮው ማን ያስገባል? መጀመሪያ እሺ ያለችው የመሪጌታ ሚስት ወለተ ሥላሴ ናት። “ከእኔ ይጀመር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ያለበት ቦታ አለኝ” አለቻት። (እዚህ ላይ መሪጌታ ብዕሩን አቁሞ፣ “ይህችን ቃል ሳትዘል አስጽፈኝ” አለኝ። እውነት ነውና ጻፍ አልኩት።) ወለተ ሥላሴ እሺ ስትል ሌላውም አፈረና ተከተለ። አንዱን ችግኝ ከመስጊዳችን ጎን፣ ለሶላት ስንታጠብ የውዱ ውሃ በሚፈስበት በኩል ተከልነው። ያ ዛፍ በቀን አምስት ጊዜ ይጠጣል።

ሥራውን ተደብቃ አልሠራችውም። በጠራራ ፀሐይ፣ የጣልያን ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ በመንገዱ እየወጡ እየወረዱ ነው የሠራችው። ማታ ውሃ ታጠጣና አፈሩ ሲይዝ ጠዋት ዙሪያውን ትቆፍራለች። ቅጠሉን በግማሽ ታራግፋለች። “እንዲህ ያማረውን ለምን?” ስላት፣ “ሥሩ ቆስሏልኮ አባ፤ ይህን ሁሉ አፍ መመገብ አይችልም” አለችኝ። አፈሩ ሳይበተን ሥሩን በሰሌን መጠቅለል የኔ ፈንታ ሆነ። ከበቅሎ ጋር ያረጀ እጄ ጭነት ማሰር አልረሳም። አንዱን በአህያ፣ አንዱን ሁለት ሰው በእንጨት ተሸክሞት፣ ትንንሾቹን ሴቶቹ በጀርባቸው አዝለው ወሰዷቸው። ከሃያ ይበልጣሉ። መንገድ ዘመኔን ሁሉ ሳይ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ቅፍለት ግን አላየሁም።

የቀረው የእናትህ ሎሚ ነው። ኩብራ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የተከለችው ዛፍ እንኳን ሰው ዝሆንም አይነቅለው። መሊካ ፍሬውን እስከ መጨረሻው ለቀመችና ንዳድ ለያዛቸው ሰዎች አደለችው። ከዚያ ግንዱን በእጇ ደባበሰችውና ቤት ገባች። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ካፒቴኑ ከአስተርጓሚው ጋር መጥረቢያ ያዦቹን ይዞ ሲመጣ ያገኘው ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ሎሚው ብቻውን ቆሟል። “ዛፎቹስ?” አለ።

መሊካ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። “እዚህ እንዳይገኙ ነው የታዘዘው። ይኸው አልተገኙም።”

አስተርጓሚውን ላብ አጠመቀው። እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ ካፒቴኑ ፊቱ ቀላ። ሎሚውን አስቆረጠ፤ እሷንም ወደ ምሽጉ ውሰዷት አለ። ልከተል ስል አንዱ አስካሪ በሰደፍ ደረቴን ገፋኝ። እሷ ዘወር ብላ፣ “አባ፣ ምሳዎ ምድጃው ዳር ተከድኗል” አለችኝ። ሞት አፋፍ ላይ ቆማ የኔን ምሳ ታስባለች።

ስለ አርበኞቹ ሲመረምሯት ዋሉ። በደጅ ደግሞ እኛ ነበርን፤ ችግኝ የተቀበለ ቤት ሁሉ ወጥቶ ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ተቀምጧል። መሪጌታም መቋሚያውን ተደግፎ ከጎኔ ነበር። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል በሩ ተከፈተና በእግሯ ወጣች። ከንፈሯ አብጧል። ሴቶቹ ከበቧትና፣ “ምን አሉሽ?” አሏት።

“የማላውቀውን ጠየቁኝ። እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ስለ ዛፍ” አለች። ወዲያው ወደ ወለተ ሥላሴ ዞራ፣ “ያ እንግዳ ዛሬ ውሃ ጠጣ?” ብላ ጠየቀቻት።

ልጄ፣ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ረገፈ። ሁሉም በየቤቱ እንጨት የተከለ መሰለ። ሰው፣ “ሞተብኝ” እያለ ሲመጣባት ግንዱን በጥፍሯ ጫር አድርጋ አረንጓዴውን ታሳየዋለች፤ “አለ፤ አትንቀሉት” ትላለች። አንዳንዱ በእውነት ሞተ። ብዙዎቹ ግን በታኅሣሥ ጫፋቸው ቀይ ቀይ እያለ ማቆጥቆጥ ጀመሩ። አሁን በዚህ መንደር እስላም ብትል ክርስቲያን፣ የመሊካ ዛፍ የሌለበት ጓሮ ጥቂት ነው። ስታልፍ ስታገድም ተነሥተው ሰላም የሚሏት ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ብዙ ታላላቅ ሰዎች አይቻለሁ፤ የነሱን ስም እዚህ አላነሣም።

ከጅቡቲ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች እኔን ሳይጠይቁ አያልፉም። ደህና መሆንህን ነገሩኝ። ጥሩ ቤት እንደያዝክ፣ ቤቱም ሞቅ ያለ እንደሆነ ነገሩኝ። በደጅህ ሲያልፍ የሕፃን ልቅሶ የሰማም አለ። እኔ ለመሊካ ያልኳት፣ “ባልሽ ደህና ነው” ብቻ ነው። እሷም፣ “አልሐምዱሊላህ” ብላ ውሃ ልታጠጣ ሄደች። ገበያ ውስጥ የሚወራውን ገበያ የምትሄድ ሴት አትሰማም ብዬ ራሴን አላታልልም።

ዛሬ ጠዋት፣ “መሪጌታ ሊጽፍልኝ ነው፤ አንቺ ምን ትያለሽ?” አልኳት። እጇ ጭቃ ነበር። ጭቃውን አራገፈችና፣ “ስለኔ ጠይቆ ከሆነ ደህና ናት ይበሉት። ካልጠየቀ ይተዉት” አለችኝ።

ወረቀትህን መሪጌታ እንደገና አነበበልኝ። አልጠየቅህም። እኔ ግን ነገርኩህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከአረፋ በኋላ ሽማግሌዎች ሰብስቤ፣ መሪጌታም ምስክር ሆኖ፣ ይህን ቤትና ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ለመሊካ ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ እኔም በሷ ቤት የምጦር ሽማግሌ ነኝ፤ ተመችቶኛል። አላህ ብሎ ከመጣህ እንደ ድሮው በሩን ገፍተህ አትግባ። አንኳኳና ስምህን ተናገር። መክፈቱ የሷ ፈንታ ነው።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እንጀራህን ሐላል፣ መንገድህን ቀና ያድርግልህ። በጣራህ ሥር ያሉትንም፣ ትልቋንም ትንሹንም፣ በጤና ያኑርልኝ፤ እነሱ ምንም አላጠፉም።

አባትህ ፈረጅ ዘይኑልአቢዲን