ቀዩ ጨርቅ ሰማያዊ የሆነበት ቀብር

ለእማዬ፣ አቢጃን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን እጠይቃለሁ፤ የአፓርታማውን ደረጃ ቻለው? አራሷ እህቴስ በረታች? ሕፃኑስ ሌሊት ያስተኛችኋል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ሆዴ ግን በቅናት አሯል፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

የወንድምሽ የጋሼ ኦዱሮ ቀብር በክብር አለፈ። ዘመድ ሁሉ የሐዘናችንን ቀይና ጥቁር ለብሶ መጣ። በወጋችን የአጎት ወራሽ የእህት ልጅ ነውና፣ በአምፖሎች ምስል የሚያሳይ የመብራት ሰሌዳ የሚሠሩበት ሱቃቸው ለእኔ ወይስ ለአክስቴ ልጅ ለኮናዱ ይሁን የሚለውን ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀን ሊወስኑ ነበር።

ያ ሰሌዳ እንደሆነ ፎቶ ቢሰጡት አያውቀውም፤ ለእያንዳንዷ አምፖል የሚሆን ጥሬ ቁጥር ብቻ ነው የሚገባው። እኔ ያንን ለዓመታት በእጄ፣ ነጥብ በነጥብ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ኮናዱ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ጻፈች፤ የፎቶውን ፋይል ያነብና ስለ ፎቶው የሚያትተውን መግቢያ ቆርጦ ጥሎ ጥሬውን የቀለም ቁጥር ብቻ ያወጣል። እኔ ሳምንት የሚፈጅብኝን እሷ ውኃ ተጎንጭታ ሳትጨርስ ታደርሰዋለች። አንቺም በስልክ «ለቀብሩ የሚበራውን የወንድሜን ፎቶ ኮናዱ ትሥራው» አልሽ። እማዬ፣ ይሄ እስከ ዛሬ ይወጋኛል።

ሰሌዳው ድንኳኑ ፊት ሲበራ ጋሼ በፎቶው ላይ የለበሱት ቀይ ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ፊታቸውም ብርድ የመታው መሰለ። ፋይሉ ሰማያዊን አስቀድሞ ይጽፋል፣ ሰሌዳው ደግሞ ቀይን አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ኮናዱ ማቀያየሩን ረስታዋለች። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። አንድ ሽማግሌ «ሟቹን ለሠርግ ነው እንዴ ያለበሳችሁት?» ብለው ሲቆጡ ኮናዱን ላብ አጠመቃት። እኔም ሰው ሁሉ እያየኝ ላስተካክለው ኮምፒውተሩን ከፊቷ ሳብኩት።

ይሄኔ የጋሼ ባለቤት እትዬ ሴዋ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ አትንካው። ሊያጨኝ የመጣ ለታ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ነበር የለበሰው። ለዚች ልጅ ማን ነገራት?» ብለው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹም ዓይናቸውን ጠራረጉና የሱቁን ቁልፍ ለኮናዱ ሰጡ። ሰው ሥራው ሲወደድለት አይቻለሁ፤ ስህተቱ ሲወደድለት ግን ያየሁት በእሷ ነው።

በማግስቱ መጥታ «አንተ ወዲያው ገብቶሃል አይደል? እስቲ የቱ መስመር ነው፣ አሳየኝ። ብቻዬንማ ይሄን ቤት አልችለውም» አለችኝ። ደግነቷ ራሱ ያበግናል። እያጉረመረምኩ አሳየኋት፤ አሁን አብረን እየሠራን ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በሱቃችን መስኮት ላይ ጠዋት ጠዋት የሚበራ ምስል ያስፈልገናልና ፎቶግራፍሽን ላኪልኝ። ሳምንትም ይፍጅ ወርም፣ በእጄ፣ ነጥብ በነጥብ እሠራዋለሁ። ለኮናዱ እንዳትልኪላት።

እህቴን አፍራኮማን እቀፊልኝ። አማችሽን ቤኩዋንን ሰላም በይልኝ። የጋሼን ስም የወረሰውን ትንሹን ኦዱሮን ግንባሩን ሳሚልኝ።

ልጅሽ አጄኩም
ኩማሲ፣ ማርች 14 ቀን 2015