የአባዬ እድር በፊደል ተራ

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ሁሉም «አ» ሆነው ቁጭ አሉ! ከመቶ በላይ የእድር አባል ስም ስጽፍ ሰንብቼ፣ ዛሬ ዝርዝሩን በፊደል ተራ እንዲደረድርልኝ ኮምፒውተሩን ባዘው፣ ወንዱን በሙሉ «አ» ሥር፣ ሴቱን በሙሉ «ወ» ሥር ከመረልኝ። ለካ የጻፍኳቸው ከነማዕረጋቸው ነው። አቶ ሀብቴ፣ አቶ በላይ፣ አቶ ጌታቸው፣ ወይዘሮ ብርቄ... «በ»ን ብትጫን የሚመጣ አንድም ሰው የለም። የእድሩ ዳኛ ሻምበል ተሾመ ብቻ «ሸ» ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ብቻቸውን ጉብ ብለዋል። ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ጣጣ የማየው ለአባዬ ስል ነው። አባዬ የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ሳይወጣ ጀምሮ። ባለፈው ወር የሁለት ሰው መዋጮ በሌላ ሰው መስመር ላይ ሞላ። ከዚያ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር ነበር አሉ። ኮሚቴው «ጋሼ ደምሴ ይረፉ፣ ለወጣት እንስጠው» ማለት ጀምሯል። አባዬ ከፋብሪካው የወጣ ሰሞን ስንት ጊዜ ከአልጋ አልነሣም ብሎ እንዳስለቀሰን አልረሳውም። ያነሣው ይሄ እድር ነው። እሱንም ከነጠቁት ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቴ ያስወገደውን ኮምፒውተር ለምኜ አመጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ በምሠራለት ፎርም ላይ የአባላቱ ስም ወደ ታች ይዘረገፋል፣ አባዬ ሰውየውን ይመርጣል፣ «ከፍሏል» የሚለውን ይጫናል፣ በቃ። መስመር መሳት የሚባል ነገር አይኖርም። ለእሁዱ ስብሰባ መድረስ አለበት። ሻምበል «እሁድ አይተን እንወስናለን» ብለዋል።

«ማዕረጉን ላጥፋው?» ብዬ አባዬን ጠየቅኩት።

«ጌታቸውን በባዶው ጌታቸው ልበለው?» አለ ደንግጦ። «ልጅ የዳረ ሰው!»

ተናድጄ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ተናድጄ እራትም አልበላሁም፤ በኋላ ግን በላሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 16

አለቃዬ ስብሰባ ገብተው ሳለ መላው ታየኝ። ማዕረግ ለብቻው፣ ስም ለብቻው! ዝርዝሩ የሚታየው ከነማዕረጉ ይሁን፣ የሚደረደረው ግን በስሙ ብቻ። ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በልቤ ስሠራው ነበር፤ አንዷ ልጅ ቀድማኝ ገባች፣ አልተጣላኋትም። እንደዚህ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሞከርኩት። ሠራ! ከላይ አቶ ሀብቴ፣ ከታች አቶ ፍቅሩ። ሻምበልም ከዙፋናቸው ወርደው ወይዘሮ ተዋበች አጠገብ ገብተዋል። የፊደሉን ቁልፍ ስትጫን ዝርዝሩ እዚያ ፊደል ላይ ዘሎ ይቆማል፤ ከዚያ በቀስቷ ወደ ታች መውረድ ብቻ ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አባዬ ግን ፊቱ አልፈታም። «የቀደመ አይቀድምም?» አለ። በድሮው መዝገብ ተራው አባልነት የገቡበት ነው። እድሩን ካቋቋሙት አንዱ አቶ ፍቅሩ ናቸው፣ አሁን መጨረሻ ወደቁ።

«ፍቅሩ ይቀየመኛል።»

«አባዬ፣ የሰርግ ቤት ወንበር አይደለም እኮ! ስም መፈለጊያ ነው። ብርቄ ካሉህ ‹በ› ውስጥ ናቸው፤ ሌላ የት ይሄዳሉ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ተራ ይለዋወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ፊደል ይለዋወጣል እንዴ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። ስንት ቀን ሙሉ ያላየሁትን ፈገግታ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

አባዬ ዛሬ አስቂኝ ሆኖ ዋለ። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። «እንደገና» አለ። አነበብኩ። አሁንም «እንደገና» ሲለኝ «የሰርክ ጸሎት አደረግከው እኮ!» አልኩት። የሚረካ አልሆነም። ደግሞ በየመሃሉ ያስቆመኛል። «ለማ... ሰርጌ ላይ ድንኳኑ ሲወድቅ ምሰሶውን ታቅፎ የቆመው እሱ ነው።» «በላይ... ደሞዝ ቀን ካልሆነ አይስቅም ነበር።» ስንቱን ሰው በስሙ ብቻ ሳይሆን በሥራው ያውቀዋል። ጠላ ቤት ሳይሆን እድር ነው ያቀራረበን፣ ይላል እማዬን ለማብሸቅ፤ እማዬ ደግሞ ሁለቱም ነው ትላለች።

ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ፕላስተር ለጥፊልኝ አለ። የእማዬን የቁስል ፕላስተር ቆራርጬ በየቁልፉ ለጠፍኩና ፊደሉን ጎላ አድርጌ ጻፍኩበት። ሁሉም ላይ አይደለም፣ እዚህ እዚያ ነው ያስለጠፈኝ። ጣቱን እያሻሸ ሞከረው፤ «ጥሩ ነው» አለ። እማዬ፣ «ጣቴን ቢላ ቢቆርጠኝ በምን ላስረው ነው?» ብላ አጉረመረመች።

ያላለቀ ሥራ፦ የስልክ ቁጥሮች። የሟች ቤተሰብ ማስመዝገቢያ። ፕሪንተር ከየት እንደሚመጣ። እግዜር ያውቃል።

ዓርብ፣ ጥር 18

ፈተንኩት። እኔ ስም እጠራለሁ፣ እሱ ያወጣል። ቁልፏን ጠቅ፣ ቀስቷን ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ «ይኸው!» አንድም አልሳተ! በማውዝ ከምሄደው ከእኔ ይፈጥናል። ተነሥቼ ግንባሩን ሳምኩት። «ሂጂ ወዲያ» አለኝ፣ ግን ደስ ብሎታል።

እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «እኔን ሦስቴ ካልጠራሁት የማይሰማ ሰው፣ ለእድሩ ሲሆን ጣቱ ይሮጣል» አለች።

እሁድ ሰው ፊት እንዳይቸገር ብዬ የስክሪኑን ፊደል ጣት እስኪያህል አሳደግኩት። አባዬ «ምን አደከመሽ» አለኝ። ትንሽ ከፋኝ፤ ለሱ ብዬ አይደል? ከዚያ መብራት ሄደና ሁላችንም ዐረፍን።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ከሰዓት በኋላ በድሩ ወደ ቤታችን መጣ። መንገዱ ዳር ሱቅ የከፈተው የስልጤ ልጅ ነው። እናቴ የእሱን ሱቅ ካገኘች ወዲህ ገበያ አትወርድም። እድር መግባት ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ሰው ሐዘን ላይ እንግዳ መስዬ መቀመጡ አሳፈረኝ» አለ አባዬን። «ከገባሁ ድንኳኑንም እተክላለሁ፣ ወንበሩንም እሸከማለሁ።»

«እስካሁንስ ማን ከለከለህ?» አለችው እማዬ። አባዬ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎት ነገ በስብሰባው እንደሚጸድቅለት ነገረው። በድሩ ከደስታው ብዛት ኮምፒውተሩን ጠዋት በሱቁ ጋሪ እስከ እድሩ አዳራሽ ሊያደርስልን ቃል ገባ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሳጥኑ የድንጋይ ያህል ይከብዳል።

ጭንቀቶቼ፦ አዳራሹ ውስጥ መብራት ቢጠፋ። ሻምበል ፎርሙን ባይወዱት። አባዬ ሰው ሲያይ ቁልፉ ቢጠፋው። ሸሚዙን ተኮስኩለት።

እሁድ፣ ጥር 20

በተራ ልጻፈው፤ አለበለዚያ አይሆንልኝም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ የበድሩ አባልነት በጭብጨባ ጸደቀ። አባዬ ከሻምበል ጋር ፈቀቅ ብሎ ሲያወራ እኔ ስሙን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁት። ቦታውን ራሱ ፈልጎ ያዘ፤ ከአቶ በቀለ ቀጥሎ፣ ከአቶ በፍቃዱ ቀድሞ። ራሴን አደነቅኩ።

ከዚያ መዋጮ መክፈል ተጀመረ። አባዬ ከነኮቱ፣ ከነመነጽሩ ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ቆምኩ። ሻምበል ወንበር ስበው ከፊት ለፊቱ ተቀመጡና እጃቸውን አጣመሩ። አቶ ሀብቴ መጡ፤ ጠቅ። አቶ ለማ፤ ጠቅ ጠቅ። አቶ ጌታቸው። አቶ ፍቅሩ፣ መጨረሻ መውደቃቸውን ሳያውቁ። ሰልፉ ይፈስሳል። ሻምበል ያጣመሩትን እጅ ፈቱ።

ወይዘሮ ብርቄ መጡ። አባዬ ቁልፏን ተጫነ፣ በቀስቷ ወረደ፣ «ይኸው ብርቄ» አለ። ስክሪኑ ላይ ግን ጣት በሚያህል ፊደል «አቶ ብርሃኑ» ይላል። አሁን ያስተካክለዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላስተካከለም። ስክሪኑን ትክ ብሎ እያየ እጁን ወደ «ከፍሏል» ቁልፍ ሰደደ።

ያኔ ገባኝ። አባዬ አያነብም። የጻፍኩለት አንዱም ፊደል አይታየውም። ያን ሁሉ ሰው ተራውን በቃሉ ይዞ፣ ከየፊደሉ ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚያወጣው። በድሩ መሃል ሲገባ ከእሱ በታች ያሉት የ«በ» ሰዎች አንድ አንድ ቦታ ዝቅ አሉ፤ አባዬ ደግሞ ይህን የሚያይበት ዓይን የለውም። ተራው አይለዋወጥም ያልኩት እኔ ነኝ።

ጎንበስ ብዬ ቀስቷን አንዴ ወደ ታች ተጫንኩ። አባዬ በጣም ቀስ ብሎ፣ «በድሩ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ገባኝ።»

ከዚያ በኋላ የመጡትን የ«በ» ሰዎች ሁሉ አንድ እየጨመረ ራሱ አወጣቸው። በፍቃዱንም፣ ብርሃኑንም። እንባዬ እንዳያስታውቅ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። ማንም አላወቀም። መጨረሻ ላይ ሻምበል ተነሥተው «ደምሴ ይቀጥላል። ተቃውሞ ያለው?» አሉ። ተጨበጨበ። አባዬ ኮቱን ሳብ ሳብ አደረገ።

ያሰብነው ሁሉ ሆነ።

ሰኞ፣ ጥር 21

እማዬ ለአስተርእዮ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ከሥራ ቀረሁ፤ አሞኛል አልኳቸው፣ ውሸትም አይደለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከምኑ?»

«አባዬ!»

ዐምና ክረምት ላይ ጭጋግ መስሎ ጀመረው አለ። ጭጋጉ ግን ክረምቱ ሲወጣ አብሮ አልወጣም። አሁን ሰው ከመስኮት ፊት ሲቆም ጥላውን ያያል፣ ሌላውን በድምፅ ነው። አቶ ፍቅሩ «ደምሴ ኮራ፣ መንገድ ላይ ዘጋኝ» ሲሉ የከረሙት ለዚህ ነው። አንድ ቤት እየኖርኩ እንዴት አላወቅኩም? ሶፋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስነብበኝ የምቀልድ ሞኝ!

«ለምን አልነገርከንም?»

«ብናገር ወንበሩን ይወስዱታል። ከዚያ ማን ነኝ?»

ጮህኩበት። አባቴ ላይ ጮህኩ። «ወንበሩ ገደል ይግባ! እኔ የምፈልገው አንተን ነው! መንገድ ስትሻገር መኪና ቢገጭህ በፊደል ተራ ልፈልግህ ነው?» እየጮህኩ አለቅሳለሁ። እሱ እጁን ዘርግቶ ፊቴን ፈለገ፤ መጀመሪያ ያገኘው ጆሮዬን ነው።

ከዚያ ተደራደርን። ነገ ሳሪስ ዓይን ክሊኒክ ካልሄድን ዛሬውኑ ለሻምበል እናገራለሁ አልኩት።

«አባትሽን ታስፈራሪያለሽ?»

«አዎ፣ አስፈራራለሁ።»

«እናትሽን ወጣሽ» አለ። እሺ ማለቱ ነው።

እማዬ ስትመለስ ነገርናት። ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ይዛ ቆየች።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ክሊኒኩ በጠዋት ሞልቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። የምርመራው ክፍል በር ክፍት ነው፤ ግድግዳው ላይ ሦስት እግር ያላቸው ምልክቶች የተደረደሩበት ሰሌዳ ይታየኛል፣ እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ ታማሚው ይናገራል። ከእኛ በፊት የገባችው ሴትዮ ድምፅዋ ጎላ ያለ ነው። «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች» ትላለች። አባዬ አንገቱን ወደ በሩ ዘንበል አድርጓል። ፈርቶ መስሎኝ እጁን ያዝኩት።

ተራችን ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ናት። «አባባ፣ ከላይ ይጀምሩልኝ» አለችው።

«ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች» አለ አባዬ፣ አንድም ሳይደናቀፍ።

«በጣም ጎበዝ!» አለች ሐኪሟ ተገርማ፣ ልትጽፍም እስክሪብቶ አነሣች።

«ዶክተር፣ እያየ አይደለም! በቃሉ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ሐኪሟ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየችና ተነሥታ ሰሌዳውን ዘቀዘቀችው።

«አሁንስ አባባ?»

አባዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አላደረገውም። ጭጋግ ነው፣ ጥላ ነው ሲል የከረመ ሰው በመጨረሻ፣ «አይታየኝም፣ ልጄ» አለ። ለሐኪሟ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

ሁለቱም ዓይኑ ላይ ሞራ አለ። ቀኙ ተስፋ አለው ብላለች። ግራው በኦፕራሲዮን ሲከፈት ነው የሚታወቀው። በሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን።

ስንወጣ «አሳፈርሽኝ» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ለሻምበል ራሱ እንደሚነግራቸው፣ ቀድሜው ብናገር ግን እንደማይምረኝ ነገረኝ። ወንበሩን ይወስዱት እንደሆነ አናውቅም። ግራ ዓይኑንም አናውቅም። አስፋልቱ ዳር ደረስንና ቆምን፤ መኪናው ብዙ ነው። በሕይወቱ ሰው ደግፎኝ አያውቅም ሲል የኖረው አባቴ፣ እኔ እጄን ሳልዘረጋ ክንዴን ፈልጎ ያዘ።

«ነይ አሻግሪኝ» አለ። ተሻገርን።