ዳማ ሽቦ ቀየረ

ይድረስ ለውዴ ለይስማው፤

እንዴት ሰነበትክ ልልህ ብዕር ባነሳ ሳቄ መጣ። እዚያ እንዴት እንደሚሰነበት ነግሮን የሚያውቅ ስለሌለ ይቅር። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ጥምቀት አለፈ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ቆሟል፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ ልጅህም ከባሕር ዳር በየሳምንቱ ትደውላለች። ዛሬ የምጽፍልህ ግን በአያትህ ፈረስ ስም ስለጠራኸው ስለዚያ አሮጌ የጭነት መኪናህ ነው። የዳማ ስም ሲነሳ ጆሮህን እንደምታቆም አውቃለሁ።

ታመህ ከደብረ ማርቆስ የተመለስክ ቀን የት እንዳቆምከው ታስታውሳለህ? አፍንጫውን ከግድግዳው አስጠግተህ፣ የቤቱን በር ግማሽ ከልለህ፣ ነገ አዞረዋለሁ ብለህ ገባህ። ያ ነገ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ከገዛ ቤቴ የምወጣው በጎኔ ነበር። ውኃ ስቀዳ መጀመሪያ ጀሪካኑን አሳልፋለሁ፣ ከዚያ ራሴን። የጠዋት ፀሐይ ቤቴ መግባት ተወች፤ በቀን መብራት አበራ ጀመር።

ከዚያ ይነሳልኝ ብል ደግሞ አልተፈቀደልኝም። ወንድምህ ጋሽ ተሻለ ከደብረ ኤልያስ መጡና መስተዋቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰሩ። የሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሞተሩ እንዳይነሳ፣ ባለቤቱ አፈር ገብቶ መኪናው በየጎዳናው ቢጮህ ሰው ምን ይለናል አሉ። ሽማግሌዎቹም ልክ ነው አሉ። እኔም አንተን ማክበር መስሎኝ እሺ አልኩ። እኔ ጥቁር ለብሼ ከውስጥ፣ ዳማ ጥቁር አስሮ ከደጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ተፋጠጥን። ልሽጠው እንዳልል ያንተ ቃል አለብኝ። አልጋ ላይ ሆነህ እጄን ይዘህ ዳማን እንዳትሸጪው አልከኝ፤ እኔም ማልኩልህ። ለሚሞት ሰው እሺ ካልተባለ ምን ይባላል?

ያልቆጠርነው አይጦቹን ነው። ስንትና ስንት ዘመን ስንዴና ጤፍ ሲጭን የኖረ መኪና፣ ከወንበሩ ሥር የረገፈው እህል ብቻ ለእነሱ ድግስ ነበር። እህሉ ሲያልቅባቸው ወደ ሽቦው ዞሩ። ሙት ዓመትህ ወጥቶ፣ ጨርቁ ተፈትቶ፣ ጋሽ ተሻለ በወግ ተቀምጠው ቁልፉን ቢያዞሩት ዳማ ትንፍሽ አላለም። ባትሪ ተቀየረለት፤ ያው ነው። ከደብረ ማርቆስ ያስመጣነው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሙላት የሚባል፣ ኮፈኑን ከፍቶ የተቆራረጠ ሽቦ በእፍኙ ዘግኖ አሳየን። እመቤት፣ ይሄ በመቀጠል የሚድን አይደለም፣ ሙሉ ዋየሪንግ መቀየር አለበት አለኝ። ከባትሪው ተነስቶ እስከ ኋላ መብራቱ የሚሄደውን ሽቦ በሙሉ ማለቱ ነው። አንተን እናክብር ብለን መኪናህን ለአይጥ ሰጠነው።

ጋሽ ተሻለ ተናደዱ። በራሳቸው ከመናደድ በእኔ መናደድ ቀለላቸው። የመኸሩ እህል መጫን እስኪጀምር ካልተነሳ አስጎትቼ ደብረ ኤልያስ እወስደዋለሁ፣ ወንድ በሌለበት ግቢ መኪና ምን ይሠራል ብለው ፎክረው ሄዱ። ይስማው፣ ዳማ ከሄደ የምበላው የለኝም። መሬቱን ለእኩል ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ የሚገባው ከዓመት ዓመት አያደርስም። ቆሞ ቢቀርም ያው ነው። እንዳልሸጠው ምያለሁ፣ ልንዳው አልችልም፣ ጥዬው ልጄ ዘንድ ልሂድ ብል ስመለስ ጎማውን እንኳ አላገኘውም። አንዳንድ ቀን በዚያ የጨለመ ቤት ቁጭ ብዬ፣ የተቀበርነው ሁለታችን ነን፣ ለእኔ ብቻ አልተለቀሰልኝም እል ነበር። ተቆጥቼህም አውቃለሁ። ነገ አዞረዋለሁ ያልከው ነገር አሁንም ያበግነኛል።

እንግዲህ ሽቦ መራጭ ሆንኩልህ። እኔ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመለኮስ ሌላ የማላውቀው! ጋሽ ተሻለ ንዴታቸው ሲበርድ ተመልሰው፣ ከተገለበጠ መኪና የተፈታ ሽቦ በማዳበሪያ ከረጢት አምጥተው ፊቴ ዘረገፉት። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። የሌላ ሰው መከራ ዳማ ሆድ ውስጥ አይገባም አልኩ። እንዲህ ብዬ ስናገራቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እሳቸውም ደንግጠው ከረጢቱን ራሳቸው መልሰው ሞሉት።

ሙላት ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው እሱ ራሱ የድሮውን እያየ አንድ በአንድ መዘርጋት ነው። የድሮው ግን ያንተ እጅ ሥራ ነው! ቀይ ያገኘህ ቀን ሁሉንም በቀይ፣ ጥቁር ያገኘህ ቀን ሁሉንም በጥቁር ስትቀጥለው ኖረሃል፤ የቱ የት እንደሚደርስ ከአንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ሙላት እየፈታ ሲረግምህ ዋለ። ስድቡ ጣፈጠኝ፤ ከለቅሶው ወዲህ ስላንተ በሕይወት እንዳለ ሰው ያወራልኝ እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከነሶኬቱ ተሠርቶ ያለቀ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው። የመኪናውን ሞዴልና የሻንሲውን፣ የታች ብረቱን፣ ርዝመት በትክክል ካልነገርነው የአጭር መኪና ሽቦ ይመጣና ኋላ መብራቱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል አለኝ። ሜትሩን እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን ለካን። አዲሱ ይምጣ አልኩ። ወይፈኑን ሸጥኩት። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ፤ እኔም በጎኔ እየወጣሁ ጠበቅኩ።

ሽቦው መጥቶ ሊገጥም ሲጀምር ሙላት አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከፋብሪካ የመጣው ለትንሿ ክላክስ ብቻ ነው መስመር ያለው፤ ጋቢናው ጣሪያ ላይ ላሰርካት ለትልቋ ለብቻዋ ሽቦ ልሳብላት ወይስ ትቅር አለ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ያን ክላክስ፣ ይስማው። ከከተማችን ከአምበር መግቢያ ኩርባው ላይ ስትደርስ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። እኔ ገበያም ልሁን፣ ለቅሶ ቤትም ልሁን፣ ጥዬ እሮጥ ነበር፤ ገብተህ ባዶ ቤት እንዳታገኝ፣ የእግርህ ውኃ እንዲሞቅ። የማርያም ማኅበራችን ሴቶች ባለ ክላክስ ይሉኝ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም። ከራሴ ቤት ካልሆነ በቀር ማኅበር እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አላውቅም፤ ጽዋው ለተረኛዋ ሲሰጥ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ድምፁን እወደው ነበር፤ በደህና ገባህ ማለት ነውና። ሰልችቶኝም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አሁን ካልነገርኩህ መቼ እነግርሃለሁ?

በማግስቱ ትቅር ልለው ወጥቼ፣ ጣሪያው ላይ አቧራ ለብሳ ሳያት፣ ከአፌ የወጣው ሳብላት የሚል ሆነ።

ዳማ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ሙላት ወደ ኋላ ሲያወጣው ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እስከ መደቡ ድረስ ተነጠፈች፤ ቤቴ ምን ያህል ሸረሪት ያደራበት እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። እያለቀስኩ ጠረግኩት። አሁን ደሴ የሚባል ጨዋ ሾፌር እህል ይጭንበታል። ጋሽ ተሻለም በሰው ፊት ሽቦውን እኔ ነኝ ያስመረጥኳት ይላሉ፤ ተውኳቸው።

ባለፈው ማርያም ጎረቤታችን ጥሩዬ ቤት ማኅበር ተቀምጠን ሳለ ከኩርባው ላይ ተሰማ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ጋሽ ተሻለ ለደሴ አስተምረውት ኖሯል፤ ደስ ይላታል ብለው። እኔ ዳቦዬን እንደያዝኩ ተነስቻለሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቻለሁ፣ በሩ ላይ ደርሻለሁ። ውኃው አልሞቀም እያልኩ ነበር። ዳማ በፊቴ አልፎ ወደ ገበያው ወረደ። የበሩን መቃን ይዤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ማንም ባለ ክላክስ አላለኝም። ጥሩዬ ጠላ ቀዳችልኝ። ጽዋው ሲነሳ ነበርኩ፤ ለተረኛዋ ሲሰጥም ነበርኩ፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ።

የሚመጣው ማኅበር እኛ ቤት ነው፣ ፀሐይ በምትገባበት ቤት። የነፍስ አባታችን ሲጸልዩ በክርስትና ስምህ አስጠራሃለሁ። ዳማንም አልሸጥኩትም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ያቺ ክላክስ ከኩርባው በጮኸች ቁጥር፣ እስከ ዕለተ ሞቴ፣ አስብሃለሁ። ግን ከእንግዲህ አልሮጥም፣ ይስማው። የማስብህ በተቀመጥኩበት ነው።

የሺ