ጨለማ ስለተነፈጉ ዶሮዎች፣ ለ«ብርሃን ለእንቁላል» ፕሮጀክት አስተባባሪ

ለተከበሩ የ«ብርሃን ለእንቁላል» የዶሮ እርባታ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የሰሞኑ ሙቀት እንዳላደከመዎት፣ እንቅልፍዎም የተሟላ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንቅልፍ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ በቅርቡ ከዶሮዎች ተምሬአለሁና።

እኔ ዘውዱ እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ባለፈው ኅዳር ፕሮጀክትዎ እንቁላል ለመጣል የደረሱ ስልሳ ቄቦች ከነቤታቸው ንድፍ ስለሰጠኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

፩. ስለ ቤቱ አመሰግናለሁ። ሦስት ጎኑ ድፍን ቆርቆሮ ሆኖ በአራተኛው በኩል ከመጽሐፍ የማትሰፋ መስኮት ያለው ይህ ቤት ውርጭ ለሚወርድበት ደጋ የተነደፈ መሆኑ ከወረቀቱ ግርጌ ተጽፏል። ዶሮዎቻችንን ከጋምቤላ ብርድ ለመከላከል ስላደረጉት ጥንቃቄ እጅ እነሣለሁ።

፪. ስለ አምፖሉም አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ «ብርሃን በጨመረ ቁጥር እንቁላል ይጨምራል» ብለው ቀንም ሌትም እንዳናጠፋው አዘዙን። የምትጥል ዶሮ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ግድም ብርሃን እንደሚበቃት፣ የቀረውን በጨለማ ማረፍ እንዳለባት የሚናገረውን የመመሪያውን ገጽ መዝለላቸው ጊዜያችንን ለመቆጠብ እንደሆነ እረዳለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቁላሉ በእርግጥ ጨመረ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ። እርስ በርስ ላባ መነጫጨት ያዙ፤ አንዷ ከደማች ሌሎቹ ተረባርበው ይነቁሯታል። የእንቁላሉ ቅርፊት ሳስቶ በጣት ሲነካ ይሰነጠቅ ነበር።

ጎረቤቴ ኛሙዎች ዶሮዎቿን ከማንጎ ሥር ለቅቃ፣ ሲመሽ ነፋስ በሚያልፍበት የሳር ጎጆ ቆጥ ላይ የምታሳድር ሴት ናት። አንድ ቀን የተዋሰችውን ጀሪካን ልትመልስ መጥታ በዶሮ ቤቱ መስኮት አጮልቃ አየችና፣ «ቲቸር፣ እነዚህ መቼ ነው የሚተኙት?» አለችኝ።

«አይተኙም፤ ይጥላሉ» አልኳት፣ እየሳቅሁ።

«እንቅልፍ ያጣማ ይጣላል» ብላኝ ሄደች።

እውነቷን እንደሆነ አውቅ ነበር። ዶሮ ላብ እንደማታወጣ፣ ሙቀቷን የምታበርደው በማለክለክ እንደሆነ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ግን በዚያው ሰሞን ፕሮጀክትዎ አቦቦ ወረዳ ሄጄ ለገበሬዎች እንድመሰክር መርጦኝ ስለነበር ዝም አልኩ።

፫. ይህኛው ቁጥር የራሴ ስለሆነ እርስዎን አያስቸግርም። አቦቦ በሄድኩበት ዕለት ጠዋት ሁለት ዶሮዎች ተነቁረው ሞተው አገኘሁ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከአጥሩ ጀርባ ቀበርኳቸውና እጄን ታጥቤ መኪናዎ ላይ ወጣሁ። በስብሰባው ላይ ስለ እንቁላሉ ብዛት ተናገርኩ፤ ስለ ከረጢቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ማንም ዋሽ ብሎ አላስገደደኝም። ጭብጨባው ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከአጨብጫቢዎቹ አንዷ ሦስት ልጆች በእንቁላል የሚያሳድጉት ወይዘሮ ሙሚና ነበሩ። ዶሮዎቻቸው ነፋስ በሚያስገባ የቀርከሃ ቤት በሰላም ይኖሩ ነበር። ከኔ ንግግር በኋላ ቀርከሃውን አፍርሰው ቆርቆሮ መቱ፤ የፀሐይ መብራትም አንጠለጠሉ። በመጋቢት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከአርባ ዶሮዎቻቸው ሠላሳ አንዱ በዚያ ቤት ውስጥ ታፍነው አለቁ።

ወሬውን እንደሰማሁ ሄድኩ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን በርጩማ አቀረቡልኝ። ስለ ከረጢቱ ነገርኳቸው።

«እኔኮ ፕሮጀክቱን አምኜ አይደለም» አሉኝ። «መምህር ናቸው፣ አይዋሹም ብዬ ነው።»

ቆርቆሮውን አብረን ነቀልን፤ ቀርከሃውንም በሁለት ቀን መልሰን አቆምን። ከራሴ ዶሮዎች ሃያውን ወሰድኩላቸውና ይቅርታ ለመንኩ። «ዶሮዎቹን ተቀብያለሁ» አሉኝ፤ «ይቅርታውን ግን ላስብበት።» እስካሁን እያሰቡበት ነው፤ አልጎተጉታቸውም።

የራሴንም የዶሮ ቤት ግድግዳ ቀድጄ የሽቦ መረብ አድርጌበታለሁ። ጣሪያውን ሳር አለበስኩት፤ መብራቱም ማታ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ ባጠፋሁበት ምሽት በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ቆጡ ላይ ትንሽ ተገፋፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። እኔ ግን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ።

ክቡር ሆይ፣ በመጪው ወር ያንኑ ንድፍ ለመቶ ሃያ አባወራዎች ሊያድሉ መሆኑን ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት የተዘለለውን ገጽ ቢያነቡልን፣ ወይም አቦቦ ወርደው ወይዘሮ ሙሚናን ቢያነጋግሩ፣ ውለታዎ ወሰን አይኖረውም። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎ አብሬዎ እሄዳለሁ፤ እኔም ብቻዬን ስሄድ ከብዶኝ ነበር።

ለትጋትዎ ካለኝ የማያልቅ አድናቆት ጋር፣ በመሰከረበት አደባባይ ቃሉን ለማጠፍ የተዘጋጀው፣

ዘውዱ፣ የባዮሎጂ መምህር
ጋምቤላ፣ ሚያዝያ

ማስታወሻ፦ ይህን ሲያነቡ ክፍሉ ከሞቀዎ መስኮቱን ይክፈቱ፤ ብርሃኑ ዓይንዎን ከወጋውም መጋረጃውን ይሳቡ። ዶሮ እጅ የላትም። እርስዎና እኔ ግን ነበረን።