ባለቤቱ ጄሉ ነው

ይድረስ ለሂሳቡ መምህር፣ ለአብሮ አደጌ፤

ድንጋጤዬ ሳይበርድ ነው የምጽፍልህ። ዛሬ የታናሽ እኅቴን የተረከዝ ቁስል ለማሳጠብ አብሬያት እሷ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ሕክምና ክፍል ገባሁ። ባለፈው ወር የደረቀው ፋሻ ከእግርህ ቁስል ላይ ሲነሣ የጮኽኸው ጩኸት ትዝ ብሎኝ ዐይኔን ጨፈንሁ። የጠበቅሁት ጩኸት ግን አልመጣም።

«ጋሼ፣ ግለጥ እንጂ! የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ» ብላ እኅቴ ሳቀችብኝ።

ነርሷ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ከቁስሉ ላይ አንሥታ ይዛለች፤ ሥጋው አልተላጠም፣ አልደማም። አዲሱን ለጥፋ፣ «እንግዲህ ሦስት ቀን ይሠራል፣ አባባ» አለችኝ።

«ልጄ፣ የዓረፍተ ነገርሽ ባለቤት አልተገለጸም። የሚሠራው ማን ነው?»

«ጄሉ ነዋ! ጀርም የሚገድለውን መድኃኒት ውስጡ ይዟል፤ ቁስሉን እያረጠበ ቀስ በቀስ ይለቅለታል።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው በነርስ ታረምሁ። እኛ ከተማ ጤና ጣቢያ ሲሠራ የኖረው የአጣቢው ጉልበትና የአንተ ጥርስ መንከስ ብቻ ነበር!

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ቦታው ሊያልቅብኝ ነው። «ሁለተኛ አልታጠብም» ብለህ የማልኸውን መሐላ ቁስሉ እግርህን ሳያሳጣህ አፍርስ። ይህ ዐይነቱ መኖሩን ጠይቅ፤ ከሌለም ፋሻውን አርጥበው እንዲያነሡልህ ንገራቸው። ለባለቤትህ (የቤትህን እንጂ የሰዋስውን አላልሁም) ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እጅህን ይዛ ትውሰድህ። «እሄዳለሁ» የሚል መልስ አልቀበልም፤ «ሄድሁ» ብለህ በኃላፊ ጊዜ ጻፍልኝ።

ያው አራሚህ